የተጠበቀው ትራክተር፣ የመጣው ስልክ

ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ይላሉ አበው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ስለ እርሻ የወደፊት ዕጣ ላለፉት ስልሳ ዓመታት የታቀደውንና በተግባር የሆነውን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው አባባሉ ቦታውን ያገኛል። በየዘመኑ በወጡ የልማት ዕቅዶች ለአርሶ አደሩ ቀድሞ ቃል የተገባለት ትራክተር ነበር። ቀድሞ ደጃፉ የደረሰው ግን በእነዚያ ዕቅዶች ውስጥ ስሙ እንኳን ያልነበረው የእጅ ስልክ ነው።

ዛሬ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በወግዲ፣ በከለላ፣ በመሐል ሳይንትና በለጋምቦ ማሳዎች የሚታየው እርሻ በአብዛኛው በጥንድ በሬ፣ በሞፈርና በቀንበር የሚከናወን ነው። ድግሩና ወገሉ፣ እርፉና ማረሻው አያቶች በሚያውቁት ቅርጽ ዛሬም አሉ። በዚሁ ሞፈርና ቀንበር ዙሪያ ግን ብዙ ነገር ተለውጧል። የማረሻው ብረት ከአሮጌ ተሽከርካሪ ከተገኘ ቁርጥራጭ የተቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። በጠፍር ፋንታ የናይለን ገመድ ገብቷል። ዘሩ የሚመጣው በፕላስቲክ ጆንያ፣ ውኃው በጀሪካን ነው። ከበሬዎቹ ኋላ የሚሄደው ሰው ኪስ ውስጥ ደግሞ ስልክ አለ።

ይህን ንጽጽር ማድረግ ያለፈን ለመተቸት ብቻ አይደለም። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ዛሬም ስለሚመጣው ዘመን ያቅዳሉ። በኩታ ገጠም ማሳ ላይ የሚሠራ ትራክተር፣ በስልክ የሚሰጥ ምክር፣ በዲጂታል የሚመራ የግብዓት ስርጭት በዕቅዶቹ ውስጥ ይገኛሉ። የትናንቱ ትንበያ የት ላይ እንደሳተ ማወቅ የዛሬው በጀት የት መዋል እንዳለበት ለመወሰን ይረዳል። ትንበያው ሲስት ኪሳራው የሚወድቀው ከመንግሥት ካዝና ይልቅ አንድ በሬ ብቻ ባለው አባወራና ባል በሌላት እማወራ ላይ ነውና።

ዕቅዶቹ ምን ቃል ገቡ?

ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም የዘለቀው ሦስተኛው የአምስት ዓመት የልማት ዕቅድ ግብርናን ለማሳደግ ሁለት መንገዶችን አስቀምጦ ነበር። አንደኛው በዘመናዊ መሣሪያ የሚታረሱ ሰፋፊ የንግድ እርሻዎችን ማስፋፋት ነው። ሁለተኛው በተመረጡ አካባቢዎች ምርጥ ዘርን፣ ማዳበሪያን፣ ብድርንና የባለሙያ ምክርን በአንድነት የሚያቀርቡ የጥቅል ፕሮጀክቶችን ማካሄድ ነበር። ከጥቅል ፕሮጀክቶቹ ታዋቂው በስዊድን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ በ1967 በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት ነው፤ በአጭር ስሙ ካዱ ይባላል።

ካዱ የታለመው ለአነስተኛ አርሶ አደሮችና ለጭሰኞች ነበር። ምርት ሲጨምርና መሬት ዋጋ ሲያወጣ ግን ባለ ርስቶች ትራክተር እየገዙና እየተከራዩ ራሳቸው ማረስ ጀመሩ። በዚህም የተነሳ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነቀሉ። አንድ መሣሪያ ማንን እንደሚጠቅም የሚወስነው የመሣሪያው ጥራት ብቻ ሳይሆን መሬቱ በማን እጅ እንዳለ ጭምር መሆኑን ያ ዘመን አሳይቷል።

እ.ኤ.አ በ1971 የተጀመረው ዝቅተኛው የጥቅል ፕሮግራም ወጪውን ቀንሶ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለብዙ ቦታ ለማዳረስ ሞከረ። የማሳያ ጣቢያዎቹ የተመረጡት ክረምት ከበጋ በሚያስኬዱ መንገዶች ዳር ነበር። ከዋና መንገድ ርቀው፣ በገደልና በወንዝ ተከፋፍለው ለሚገኙ እንደ ቦረናና ሳይንት ላሉ አካባቢዎች ይህ ስሌት የሚመች አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ጭሰኝነት ቀረ። ትራክተሩ ግን ከትንበያው አልወጣም፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። አሁን የሚያርስበት የመንግሥት እርሻና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲሆን ታሰበ። በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቋመ። የመንግሥት እርሻዎች ከሀገሪቱ የታረሰ መሬት ጥቂት በመቶ ብቻ ይዘው ከማዳበሪያው፣ ከብድሩና ከበጀቱ ከፍተኛ ድርሻ ወሰዱ። አብዛኛውን እህል የሚያመርተው ባለ በሬው ገበሬ በዳር ቀረ።

ከ1977 እስከ 1986 ዓ.ም የሚዘልቀው የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ገበሬው በብዛት በአምራቾች ማኅበር ተደራጅቶ፣ እርሻው በመሣሪያ ታግዞ እንደሚሄድ ተንብዮ ነበር። ዕቅዱ ሥራ ላይ የዋለበት 1977 ዓ.ም ወሎ በታላቁ ድርቅ የተመታበት ዓመት ነው። በወረቀት ላይ ትራክተር በተቆጠረበት ዓመት በወሎ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነበር፤ የተረፈውም ገበሬ የሚጠምደው በሬ አልነበረውም። የካቲት 1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ደግሞ የአምራቾች ማኅበራት በአብዛኛው በአጭር ጊዜ ፈረሱ፤ ገበሬው ማሳውን ተከፋፍሎ ወደ ጥንድ በሬው ተመለሰ።

ከእነዚህ ሁሉ ትንበያዎች በከፊል የሰመረ አለ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ዘግይተውም ቢሆን፣ ደጋው ድረስ ዘልቀዋል። ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተሰኘው የጤፍ ዝርያ በብዙ የአማራ ክልል ወረዳዎች የታወቀ ስም ነው። ዘርና ማዳበሪያ በኪሎ ይሸመታሉ፣ በአህያ ይጫናሉ፣ በትንሽ ማሳ ላይም ይሠራሉ። ትራክተሩ ያጣቸው ባሕርያት እነዚህ ናቸው።

ትራክተሩን ዳገቱ ብቻ አላስቀረውም

ትራክተር በምዕራብ ደቡብ ወሎ ለምን አልተስፋፋም ሲባል ቀድሞ የሚመጣው መልስ ዳገት ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። የብዙው አባወራ ይዞታ አንድ ሄክታር እንኳን የማይሞላ ነው። ያም በአንድ ቦታ የተያያዘ ሳይሆን አንዱ ከቤት አጠገብ፣ አንዱ ከወንዝ ማዶ፣ ሌላው ከተራራው ጥግ የተበጣጠሰ ነው። መሬት ለልጆች ሲከፋፈል ማሳው ይበልጥ ይጠባል። ትራክተር በእንዲህ ያለው ማሳ ላይ ከሚያርስበት ጊዜ ይልቅ የሚዞርበት ጊዜ ይበልጣል።

ሁለተኛው ምክንያት እርከን ነው። በደቡብ ወሎ ማይባር የአፈር ጥበቃ የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ በ1981 ከተከፈተ ጀምሮ ከተዳፋት ማሳ የሚታጠበው አፈር ሲለካ ቆይቷል። ከዚያ ዘመን አንስቶ በምግብ ለሥራም፣ በተፋሰስ ልማት ዘመቻም በየተዳፋቱ እርከን ተሠርቷል። ለአፈሩ የሚበጀው ይህ ሥራ ማሳውን በጠባብ ደረጃ ይከፋፍለዋል። በአንድ በኩል ጠባብ እርከን፣ በሌላ በኩል ሰፊ ማሳ የሚፈልግ መሣሪያ ለአንድ ተዳፋት በአንድነት ከታቀዱ አንዱ የግድ ይወድቃል።

ሦስተኛው ጥገና ነው። ሞፈር ቢሰበር ገበሬው ራሱ ጠርቦ ይተካል፤ ማረሻ ቢደንዝ ቀጥቃጭ ያሾለዋል። የትራክተር መለዋወጫ ግን ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ይጠበቃል። እርሻ ጊዜ አይሰጥም፤ ሐምሌ ላይ የቆመ ትራክተር ነሐሴ ላይ ቢነሳ ዘሩ አልፎበታል።

በዚያው አንጻር ትንበያው የሰመረበት አካባቢም አለ። በአርሲና በባሌ ሜዳማ የስንዴ ማሳዎች ኮምባይነር ዛሬ የተለመደ ነው። እዚያም ቢሆን መሣሪያው የገባው ዕቅዶቹ ባሰቡት መንገድ አይደለም። አብዛኛው አርሶ አደር ኮምባይነር የለውም፤ የግል ባለሀብት ወይም ማኅበር ይዞት ይመጣል፣ አርሶ አደሩ ከፍሎ ያሳጭዳል። መሬቱ ሜዳ ከመሆኑ ባሻገር መሣሪያውን ያስገባው ኪራዩ ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ሲወስንም በይበልጥ የተጠቀመው ይህ የኪራይ አገልግሎት የሚሠራበት አካባቢ ነው።

ለደጋው የሚቀርበው ትምህርት ከዚህ ይወሰዳል። በከለላና በወግዲ ሜዳማ ቦታዎች ወይም በጃማ ጥቁር አፈር ላይ ትራክተርና መውቂያ ማሽን ዕድል ሊኖራቸው ይችላል። በለጋምቦ ተዳፋት ላይ ግን ያው ዕቅድ ተገልብጦ ቢጻፍ የ1960ዎቹን ስሕተት መድገም ይሆናል።

ከበሬው ጋር የተጀመሩ ሙከራዎች

ከትራክተሩ ትንበያ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ የሞከሩም ነበሩ። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል፣ በአጭሩ ኢልካ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ በሬ ብቻ የሚስበው ማረሻ ሠርቶ ነበር። ሞፈሩ አጠረ፤ ከሥሩ ተንሸራታች ብረት ተገጠመለት፤ ቀንበሩም ለአንድ ትከሻ እንዲሆን ተደርጎ ተለወጠ። በድርቅ በሬ ላለቀበት ሀገር መፍትሔው የተገኘ መስሎ ነበር።

ማረሻው አልተስፋፋም። አንድ በሬ ከባዱን የመጀመሪያ እርሻና ዳገቱን ለብቻው መቋቋም ከበደው። ከሁሉም በላይ አርሶ አደሩ ለዚሁ ችግር ቀድሞ መፍትሔ ነበረው። አንድ በሬ ያለው ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ማሳ ይታረሳል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። አዲሱ መሣሪያ የመጣው ችግሩን ለመፍታት ቢሆንም ከመቀናጆ የተሻለ መሆኑን ማሳየት አልቻለም።

በአንጻሩ ከአርሶ አደሩ ተሞክሮ የተነሳ ሌላ መሣሪያ ዕድሜ አግኝቷል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ አርሶ አደሮች ውኃ የሚያቁረውን ጥቁር አፈር በእጅ እያፈሱ ሰፊ መደብና ቦይ የመሥራት ልማድ ነበራቸው። ሥራው ሴቶችና ልጆች ጭምር ጎንበስ ብለው የሚውሉበት አድካሚ ነበር። እ.ኤ.አ ከ1986 ጀምሮ በጥቁር አፈር ላይ የተካሄደው የጋራ ፕሮጀክት ይህንኑ ልማድ ይዞ ሁለት ማረሻዎችን በማጣመር በበሬ የሚሳብ የሰፊ መደብ መሥሪያ አዘጋጀ። በባለሙያዎች ዘንድ ቢቢኤም እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው። መሣሪያው መጀመሪያ ለበሬ ይከብድ ስለነበር በኋላ ቀለል ባለ የብረት ቅርጽ ተሻሻለ። ዛሬም ጥቁር አፈር ባለባቸው ወረዳዎች የግብርና ባለሙያዎች የሚያውቁት ስም ነው።

ሁለቱም መሣሪያዎች ከበሬው ጋር የሚሠሩ፣ ርካሽና ቀላል ነበሩ። ልዩነታቸው ቢቢኤም አርሶ አደሩ በእጁ እየሠራ የደከመበትን ሥራ ማቅለሉ ነው። የአንድ በሬው ማረሻ ግን አርሶ አደሩ በጉርብትና የፈታውን ጉዳይ እንደገና ሊፈታ የተነሳ ነበር።

በዕቅድ ያልተያዙት

የእርሻ የወደፊት ትንበያ ሲጻፍ ዓይኑ ሁልጊዜ ማሳ ላይ ነበር፤ ማሳ ላይ ደግሞ ወንዱ ነው የሚታየው። በተግባር ግን ትልቁ የኑሮ ለውጥ የጀመረው ከማሳ ውጭ፣ ሴቶች በሚሠሩበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ወፍጮ ነው። ወፍጮ የሚለው ቃል ራሱ ታሪኩን ይናገራል። ቃሉ ለረጅም ዘመን የሚያመለክተው ሴቶች በመጅ የሚያሹበትን ድንጋይ ነበር። ዛሬ ወፍጮ ሲባል የሚታሰበው በናፍጣ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሞተር፣ ወፍጮ ቤት ሲባል ወረፋ የሚጠበቅበት ቤት ነው። የሴቶችን ሌሊት የበላውን ድካም ያስቀረው ይህ ሞተር በግብርና ሜካናይዜሽን መዝገብ ውስጥ እምብዛም አይቆጠርም። አርሶ አደር ቤተሰቦች በብዛት ከሚገለገሉባቸው ማሽኖች ግን ቀዳሚው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ጀሪካን ነው። ከሸክላ የተሠራው እንስራ ባዶውንም ይከብዳል፤ ከወደቀም አለቀለት። የምግብ ዘይት ይዞ ከውጭ የገባው ቢጫ ፕላስቲክ፣ ዘይቱ ሲያልቅ፣ ወደ ምንጭ መውረጃ ሆነ። አህያ ላይ ሊጫን ስለሚችል ውኃ መቅዳት ከሴቶች ጀርባ በከፊል ወደ እንስሳ ጀርባ ተሸጋገረ። ለዚህ ፕሮጀክት የቀረጸም፣ ሥልጠና የሰጠም አልነበረም።

ሦስተኛው ጆንያ ነው። ማዳበሪያ የሚለው ቃል በገጠሩም በከተማውም ሁለት ትርጉም አለው፤ ለአፈሩ የሚሰጠው ግብዓት፣ እና ግብዓቱ ይዞት የመጣው የፕላስቲክ ከረጢት። ‹‹አንድ ማዳበሪያ ጤፍ›› ሲባል ሁሉም ይግባባል። የግብርና ሚኒስቴር ያሰራጨው በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ነበር፤ ከረጢቱ ደግሞ በራሱ ጊዜ መለኪያ፣ መጫኛ፣ የእህል መያዣና ምንጣፍ ሆኗል። ሃይላንድ የሚባለው የውኃ ጠርሙስም እንዲሁ ነው። ጤፍን በመስመር መዝራት በተስፋፋባቸው ዓመታት ለትናንሽ ማሳዎች የሚሆን የመዝሪያ መሣሪያ እስኪገኝ ድረስ፣ ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ በአንዳንድ ቦታዎች መዝሪያ ሆኖ አገልግሏል።

አራተኛው መብራት ነው። እ.ኤ.አ በ2005 የተጀመረው ኤሌክትሪክን ለሁሉም የማዳረስ ፕሮግራም ምሰሶና ሽቦ ይዞ ወደ ገጠር ከተሞች ሄደ። እ.ኤ.አ በ2017 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ደግሞ እስከ 2025 ሁሉም ቤተሰብ መብራት እንዲያገኝ፣ ከዚህም 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው እንደ ፀሐይ ኃይል ካሉ ሌሎች ምንጮች እንዲሆን አቀደ። ምሰሶው ካልደረሰባቸው የደጋ መንደሮች ብዙዎቹ እሱን ቆመው አልጠበቁም። ኩራዝን የተካው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የእጅ መብራት ሆነ፤ ከዚያም ጣሪያ ላይ የሚሰጣ ትንሽ ሶላር መጣ። ሶላሩ ከገባ በኋላ ስልክ ለመሙላት ከተማ መውጣት ቀነሰ።

ወፍጮው፣ ጀሪካኑ፣ ጆንያውና ሶላሩ የሚጋሩት ባሕርይ አለ። ሶላሩና ጀሪካኑ በችርቻሮ ይገዛሉ፣ ጆንያው በእጅ ይያዛል፣ ወፍጮው በአገልግሎት ክፍያ ይሠራል። አንዳቸውም ሰፊ ማሳ አይጠይቁም። አንድ ሰው ገዝቶ ሲጠቀም ጎረቤት አይቶ ይከተላል።

ስልኩ ያለፈባቸው በሮች

የስልክን የወደፊት ዕጣ በመተንበይ የተሳሳተችው ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። እ.ኤ.አ በ1964 በኒውዮርክ በተካሄደው የዓለም ትርዒት ኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የሚነጋገሩትን ሰዎች እርስ በርስ የሚያሳይ ፒክቸርፎን የተባለ ስልክ አቀረበ። ኩባንያው አገልግሎቱ ቢሮዎችንና የሀብታም ቤቶችን ይሞላል ብሎ ጠብቆ ነበር። ዋጋው ከበደ፣ የሚደውሉለት ሰው ጠፋ፣ ሥራውም ከሰረ። መልክ እያሳዩ መነጋገር የብዙኃኑ ልማድ የሆነው ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በኪስ ስልክ ነው። ዛሬ ከደቡብ ወሎ ወደ ዓረብ ሀገራት ለሥራ የሄዱ ሴት ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር በኢሞ ይተያያሉ። የአሜሪካው ኩባንያ ለባለሀብት የተነበየውን አገልግሎት በብዛት የያዙት የቤት ሠራተኞችና የገጠር እናቶች ሆነዋል።

በሀገራችንም ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቢገባም ለመቶ ዓመት ያህል የቤተ መንግሥት፣ የመሥሪያ ቤትና የከተማ መገልገያ ሆኖ ኖሯል። የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሲጀመርም ለአርሶ አደር የታሰበ አልነበረም። የገጠሩን የመረጃ ችግር ይፈታሉ የተባሉት ሌሎች ነበሩ። ወረዳ ኔት በትልቅ ማያ የፌዴራልና የክልል ኃላፊዎችን ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጋር ያገናኛል፤ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሳተላይት ትምህርት ያመጣል ተብሎ ነበር። ብዙ ገንዘብ ፈስሶባቸዋል፤ ለጊዜውም አገልግለዋል። ዛሬ ግን አብዛኛው የወረዳ ሪፖርትና ፎቶግራፍ የሚላከው በኃላፊዎቹ እጅ ባለው ስልክ፣ በቴሌግራም ነው።

በገበያ መረጃም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በየከተማው የዋጋ ማሳያ ሰሌዳዎችን ሰቀለ። ሰሌዳው የሚያሳየው ገበያው የሚያገበያያቸውን እንደ ቡና፣ ሰሊጥ፣ ቦሎቄና ማሾ ያሉ ምርቶች ዋጋ ነበር። ጤፍና ገብስ ሸጦ ለሚኖረው ደገኛ ሰሌዳው ብዙም አልነገረውም። ያን ክፍተት የሞላው ደሴ ወይም አቃስታ ላለ ዘመድ ወይም ደላላ ደውሎ ‹‹ዛሬ ጤፍ ስንት ዋለ?›› ብሎ መጠየቅ ነው።

ለአርሶ አደሩ ታስቦ የተሠራውና ከስልኩ ባሕርይ ጋር የተስማማው 8028 ነው። ግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በሐምሌ 2006 ዓ.ም ሥራ ያስጀመሩት ይህ ነፃ መስመር ስለ እርሻ ዝግጅት፣ ስለ ዘር መጠን፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀምና ስለ ተባይ በድምፅ የተቀዳ ምክር ይሰጣል። እንደ ስንዴ ዋግ ያለ በሽታ ሲከሰት ማስጠንቀቂያ ያስተላልፋል። አገልግሎቱ ማንበብ ለማይችል ሰው ይሠራል፤ ተራ ቀፎ ይበቃዋል፤ ክፍያም የለውም። ስልክ ወደ ገጠር የገባበት ዋናው በርም ይህ ነው። ስልክ ይናገራል። ፊደል ያልቆጠረ አባት ከወረቀት ይልቅ ድምፅ ይቀርበዋል።

ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቴሌብር ደግሞ ገንዘብን በዚሁ ቀፎ ላይ አስቀመጠ። ከከተማ ልጅ ለወላጅ የሚላክ ብር ከመንገደኛ ኪስ ወደ ስልክ ተሸጋገረ። የዘመኑ ዕቅድ ባንክን ወደ ቀበሌ ለማቅረብ ነበር፤ ገንዘቡ ባንኩን ቀድሞ ቀበሌ ገብቷል።

ስልክም ቢሆን እኩል አልደረሰም

የስልኩን ታሪክ እንደ ድል ብቻ ማውራት ሌላ ስሕተት ይሆናል። በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ካለ በአብዛኛው የሚይዘው አባወራው ነው። ምክሩ ስለ ጓሮ አትክልት፣ ስለ ዶሮ ወይም ስለ ወተት ላም ቢሆንም መልእክቱ የሚደርሰው ለባል ነው። በዓባይ ሸለቆ ቁልቁለትና ከተራራ ጀርባ ባሉ ጎጦች ኔትወርክ ለማግኘት ከፍታ መውጣት ይጠይቃል። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ደግሞ ምክሩም፣ ክፍያውም፣ ምዝገባውም አብረው ይቆማሉ።

ይህ ነጥብ አሁን ክብደት አለው። የግብዓት ስርጭትን በዲጂታል ሥርዓት መምራት፣ አርሶ አደሩን በስልክ ቁጥርና በፋይዳ መታወቂያ መመዝገብ እየተለመደ ነው። ሥርዓቱ ሌብነትን ለመቀነስና ማዳበሪያ ለትክክለኛው ሰው እንዲደርስ ለማድረግ ይጠቅማል። ስልክ የሌላት እማወራ ወይም በጎረቤት ስልክ የተመዘገበ አባወራ ግን ማዳበሪያው ሲመጣ መልእክቱ ለሌላ ሰው ይደርሳል። በሐምሌ የተዘለለ ስም በኅዳር ባዶ አውድማ ይሆናል። በወረቀት የሚያዝ የቀበሌ መዝገብ እንደ ኋላ ቀርነት ሳይታይ ከዲጂታሉ ጎን መቆየት ያለበት ለዚህ ነው።

ለቀጣዩ ዕቅድ

የስልሳ ዓመቱ ተሞክሮ ለወረዳ ዕቅድ አውጪዎች ጥቂት ጥያቄዎችን ይሰጣል። አዲስ መሣሪያ ወይም አሠራር ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው አርሶ አደሩ ይህን ሥራ አሁን በምን እየሠራው ነው የሚለው ነው። እንደ መቀናጆ ያለ የቆየ መፍትሔ ካለ አዲሱ ከዚያ በልጦ መገኘት አለበት። ሥራው እንደ እነዋሪው የመደብ ሥራ ጀርባ የሚያጎብጥ ሆኖ መፍትሔ ያጣ ከሆነ ግን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው። መካነ ሰላም ከተማ ላይ የስልክ ጠጋኝ ማግኘት አይከብድም፤ የመውቂያ ማሽን ሞተር የሚያድስ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማሽን ከመግዛት በፊት ወጣቶችን በጥገና ማሠልጠን፣ መለዋወጫ የሚይዝ ማኅበር ማደራጀት ይቀድማል። በመካነ ሰላም ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ለዚህ ቅርብ ናቸው።

ባለቤትነትን ከአገልግሎት መለየትም ያስፈልጋል። አንድ አባወራ መውቂያ ማሽን መግዛት አያቅተውም ብሎ ማቀድ ከእውነታው ይርቃል። ኮምባይነር አርሲ የገባው፣ ወፍጮም ደጋው ላይ የጸናው በኪራይና በአገልግሎት ክፍያ ነው። በእጅ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ለደጋ የሚታሰብ ከሆነም ለእርሻ ብቻ ሳይሆን ለመውቂያ፣ ለውኃ መሳቢያና ለማጓጓዣ በኪራይ ሲሠራ ነው ወጪውን የሚመልሰው።

ሌላው የዕቅዶች እርስ በርስ መናበብ ነው። በአንድ ተዳፋት ላይ የተፈጥሮ ሀብት ቡድኑ እርከን፣ የሰብል ልማት ቡድኑ ኩታ ገጠም ከትራክተር ጋር ካቀደ ሁለቱ ቡድኖች ማሳው ላይ ከመገናኘታቸው በፊት ጽሕፈት ቤት ውስጥ መገናኘት ይኖርባቸዋል።

የመጨረሻው ጥያቄ ለሴቶች ነው። ባለፉት ዕቅዶች ሜካናይዜሽን ሲባል ማረስ ብቻ ይታሰብ ነበር። አረም፣ መፈልፈል፣ ማበጠር፣ ውኃና ማገዶ ግን የሴቶችን ቀን ይበላሉ። አንድ የበቆሎ መፈልፈያ ወይም ለቀበሌ የሚቀርብ ሁለተኛ ወፍጮ ከአንድ ትራክተር ባነሰ ወጪ ብዙ ጉልበት ያድናል። በቀጣዩ የምርት ዘመን ዕቅድ ላይ ሕዝብ ሲወያይ በሬ የሌላቸው አባወራዎችና ስልክ የሌላቸው እማወራዎች ስም ከዝርዝሩ ቀድሞ ተነብቦ፣ የሚገዛው መሣሪያም ሆነ የሚዘረጋው ሥርዓት ለእነሱ ምን እንደሚያደርግ ቢጠየቅ፣ ዕቅዱ ከማሳው ጋር ይቀራረባል።